«ወክድ ስሎውሊ» ብቻ ሆነብኝ፤ ለጅብ፣ ለዘበኛና ለውሻ የትኛውን የእንግሊዝኛ ግስ ልስጥ?

ጥያቄ፦ የማታ ተማሪ፣ ቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁም። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አስቸግሮኛልና እርዱኝ። አስተማሪያችን «በዓይናችሁ ስላያችሁት አንድ ሌሊት አንድ ገጽ ጻፉ» ብሎ አዘዘን። እኔ የፋሲካ ሰሞን የሆነውን ጻፍኩ። የጎረቤታችን በግ ኮሚናሉ አጠገብ ታስሮ አድሯል። መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ድቅድቅ ብሏል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ በመስኮት ስመለከት፣ ከሜዳው በኩል ጅብ መጣ። ቆም እያለ፣ እያሸተተ፣ ወደ በጉ ተጠጋ። ዘበኛችን ጋሼም አይተውት ኖሯል፤ ዱላቸውን ይዘው ኮቴያቸውን አጥፍተው ከኋላው መጡ። የግቢው ውሻ ጅቡን ሲያይ ጭራውን ወሽቆ ጥግ ጥጉን ይዞ ጠፋ። እኔም ለጎረቤታችን ልንገራት ብዬ ግድግዳውን ታክኬ ደረጃውን በጨለማ ወረድኩ። በጉ ተርፏል፣ ተመስገን።

ችግሩ፣ በእኔ እንግሊዝኛ ሁላችንም «ወክድ ስሎውሊ» ሆነናል። አስተማሪዬ በቀይ እስክሪብቶ «ጅቡም፣ ዘበኛውም፣ ውሻውም፣ አንቺም አካሄዳችሁ አንድ ነው?» ብሎ ጻፈበት። መዝገበ ቃላት ስከፍት ክሪፕ፣ ስኒክ፣ ስቲል፣ ስሊንክ፣ ሳይድል፣ ኤጅ፣ ኢንች ተደርድረዋል። ለእኔ ሁሉም «ቀስ ብሎ መሄድ» ናቸው። የቱን ለማን ልስጥ? ሐሙስ አስረክባለሁ።

መልስ፦ መምህር፣ ሰበታ

እህቴ፣ በአማርኛ ስትነግሪን እኮ አካሄዱን ለይተሽዋል። ተጠጋ፣ ኮቴውን አጥፍቶ መጣ፣ ጥግ ጥጉን ይዞ ጠፋ፣ ግድግዳ ታክኬ ወረድኩ። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው። ፍጥነቱን ተዪው። የሚሄደው ማን ነው? ለምንስ ነው የሚደበቀው? ቃሉን የሚመርጥልሽ ይሄ ነው።

ለጅቡ ክሪፕ ስጪው። ሰውነትን ዝቅ አድርጎ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ጥቂት በጥቂት መቅረብ ነው። ጥንት በደረት መሳብን የሚገልጽ ቃል ነበር፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ወደ መሬት የቀረበ ነገር የሚሸተው። ኃላፊ ጊዜው ክሬፕት ነው፤ «ክሪፕድ» እንዳትዪ። ጅቡ ገና ሜዳው ላይ የሚበላ ፍለጋ ሲዞር ከሆነ ግን ፕራውል ይሻላል። ዓይኑን በጉ ላይ ጥሎ ሲከተለው ደግሞ ስቶክ ይባላል። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። ስቶክ በዚህ ትርጉሙ «ማንን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ይፈልጋል። ስለዚህ «ስቶክድ ዘ ሺፕ» ትያለሽ እንጂ «ስቶክድ ቱ ዘ ሺፕ» አይባልም። ተማሪዎቼ አዘውትረው የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

ለውሻው ከስሊንክ የተሻለ አታገኚም። ስሊንክ ውስጥ ፍርሃት ወይም እፍረት አለ። ተገሥጾ ወይም ፈርቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ሹልክ የሚል ሰውም ስሊንክ ያደርጋል። ኃላፊ ጊዜው ስለንክ ነው።

መልስ፦ የኮዬ ልጅ

ለጋሼ ዘበኛው ስኒክ በዪላቸው። ቀላል ነው፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ስኒከር ጫማ ራሱ ስሙን ያገኘው ከዚህ ቃል ነው፤ የጎማ ሶሉ ኮቴ ስለማያሰማ።

መልስ፦ መምህር፣ ሰበታ

ስለ ጫማው ልክ ነህ ወንድሜ። ለጋሼ ግን ስኒክ አልወድላቸውም። ስኒክ ብዙ ጊዜ ጥፋት ይከተለዋል። ልጅ ሳያስፈቅድ ሲወጣ፣ ሰው ሳይከፍል ፊልም ቤት ሲገባ፣ ያ ስኒክ ነው። ጋሼ ግን ሥራቸውን ነው የሠሩት። ስቲል ይሁንላቸው፦ «ስቶል አፕ ቢሃይንድ ዘ ሃይና»። አዎ፣ ሰረቀ የሚለው ቃል ራሱ ነው፤ ሳይታዩ ሳይሰሙ መሄድም ማለት ነው። እኛም እኮ ሰረቅ አድርጎ አየ እንላለን፤ ማንም ሌባ አይለውም። ስቲል ከስኒክ ይልቅ ክብር አለው። የምሽት መምጣትንም በእሱ ይገልጹታል፤ ጨለማው ሳይታወቅ ሰፈሩን ሲያለብሰው ማለት ነው።

መልስ፦ ሹፌር ነኝ፣ ገላን

እኔ የተማርኩት በሥራ ላይ ነው፤ የውጭ አገር ሰዎች አመላልስ ነበር። ጠዋት ወደ ቃሊቲ መንገዱ ሲዘጋ፣ ከተሳቢዎቹ ኋላ ስንንፏቀቅ፣ አንዱ እንግዳዬ ስልክ ላይ «ትራፊኩ ኢዝ ክሮሊንግ» አለ። ክሮል ሕፃን የሚድኸው እኮ ነው ስለው፣ ለመንፏቀቅም ያው ነው አለኝ። መደበቅ የለበትም፣ ፍጥነት ማጣት ብቻ ነው። ኢንች ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛው «ግማሽ ኢንች ቱቦ አምጣ» የሚለው ያው ኢንች ነው፤ 2.54 ሴንቲ ሜትር። እንደ ግስ ሲሆን በኢንች በኢንች መጠጋት ነው። በኮንዶሚኒየም ፓርኪንግ ሁለት መኪና መሃል ወደ ኋላ ስወጣ የማደርገው ነው፤ ትንሽ ነካ፣ ማየት፣ ትንሽ ነካ። ጅቡ ቆም እያለ ከቀረበ ለመጨረሻዎቹ ጥቂት እርምጃዎች ኢንች ጥሩ ይመስለኛል።

መልስ፦ የለገጣፎዋ ተርጓሚ

ሹፌሩ ያሉት ሸጋ ነው። ለራስሽ ደግሞ ኤጅ ውሰጂ የኔ እህት። ኤጅ ጠርዝ ነው። ጀርባን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ እግርን እየዳበሱ መውረድ በትክክል «ኤጅድ ዳውን ዘ ስቴርስ» ነው። ጥንቃቄ አለበት፣ ስጋት አለበት።

ሳይድልን ግን እዚህ አታግቢው። ውስጡ ሳይድ አለ፤ ጎን ማለት ነው። አንድ ነገር ፈልጎ፣ ያልፈለገ መስሎ፣ በጎን ወደ ሰው መጠጋት ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ ስልክ እያየ ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ የሚል ሰው አይተሽ የለ? ሳይድል እሱ ነው። አንቺ በጨለማ ደረጃ ስትወርጂ ማንን ታታልያለሽ?

መልስ፦ የኮዬ ልጅ

መምህር፣ ስለ ስኒክ ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ኃላፊ ጊዜው ስኒክድ ነው ወይስ ስነክ?

መልስ፦ መምህር፣ ሰበታ

ሁለቱም ይሠራሉ። ስኒክድ የቀደመው ነው፣ ለፈተና እሱን ያዝ። ስነክ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ እዚያ ዛሬ በጣም የተለመደ ነው።

የማታ ተማሪ፣ ቱሉ ዲምቱ

እግዜር ይስጥልኝ! እንዲህ ጻፍኩት፦ «ዘ ሃይና ክሬፕት ስሎውሊ ቱዋርድ ዘ ሺፕ። ዘ ጋርድ ስቶል አፕ ቢሃይንድ ኢት። አወር ዶግ ስለንክ አዌይ። አይ ኤጅድ ዳውን ዘ ስቴርስ ኢን ዘ ዳርክ።» ልክ ነኝ?

መልስ፦ የለገጣፎዋ ተርጓሚ

ተዋጣልሽ! ስሎውሊን ብቻ አውጪው። ክሬፕት ውስጥ ቀስታው አለ፤ ስትደግሚው ቃሉን ታደክሚዋለሽ።

የማታ ተማሪ፣ ቱሉ ዲምቱ

አወጣሁት። አንድ ቀረኝ። በጉስ? ጅቡ ሲመጣ አልጮኸም፣ ገመዱንም አልጎተተም። ባለበት ድርቅ ብሎ ቀረ። ለእሱ የሚሆን ግስ አላችሁ?

መልስ፦ መምህር፣ ሰበታ

ፍሮዝ። «ዘ ሺፕ ፍሮዝ።» እዚያው ላይ ነጥብ አድርጊ፣ ምንም አትጨምሪበት።