«የዘመኑ ሰው ነበር» ለካፕ አንሰን ብቻ ነው?

የዩ ስትሪቷ፦ ትናንት ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የቺካጎ ቤዝቦል ኮከብ ስለ ካፕ አንሰን ስናወራ አንዱ «የዘመኑ ሰው ነበር፣ ተዉት» ብሎ ወሬውን ዘጋው። ሲከነክነኝ አደረ። ጥቁሩ የቶሌዶ ተጫዋች ፍሊት ዎከርስ የማን ዘመን ሰው ነው? እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1883 ቶሌዶ ላይ አንሰን ጥቁር ካለበት አልጫወትም አለ። ዎከር እጁን ተጎድቶ ስለነበር ያን ቀን የሚሰለፍም አልነበረም። የቶሌዶው አሰልጣኝ ቻርሊ ሞርተን ግን እልህ ያዘውና አስገባው። አንሰንን ደግሞ ካልተጫወትክ ከመግቢያው ገንዘብ ድርሻ የለህም አለው። አንሰንም ተጫወተ። ሞርተንም ነጭ ነው፣ ሞርተንም የዚያው ዘመን ሰው ነው!

የቺካጎው፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። 27 የውድድር ዘመን የተጫወተን ሰው በአንድ ከሰዓት መፍረድ ግፍ ነው። ከ1880 እስከ 1886 ቺካጎን አምስቴ ሻምፒዮን ያደረገው እሱ ነው፤ ያውም እየተጫወተ እያሰለጠነ። በ1898 ከሱ ሲለያይ ቡድኑን «ወላጅ አልባዎቹ» ነው ያሉት። 3,000 ምት (ኳስ መትቶ ቤዝ፣ ማለትም የሩጫው ማረፊያ፣ የደረሰበት) የሞላ የመጀመሪያው ሰውም ነው።

ቁጥር ወዳዱ፦ እሱ ያከራክራል። ከናሽናል ሊግ በፊት የነበረውን የ1871–75ቱን ሊግ ከቆጠርክ 3,435 ነው። የማይቆጥሩት ወደ 3,011 ያወርዱታል። በ1887 ደግሞ ኳስ ሳይመቱ በነፃ ወደ ቤዝ መሄድም እንደ ምት ይመዘገብ ነበር።

የዩ ስትሪቷ፦ ከጉዳዩ አታውጡን። «አንድ ከሰዓት» ነው ያልከው? ጁላይ 14 ቀን 1887ስ? ኒዋርክ ከቺካጎ ሲጫወት የኒዋርኩ ጥቁር ወርዋሪ ጆርጅ ስቶቪ ሊወረውር ነበር፤ ሳይሰለፍ ቀረ። ያኔም አንሰን ነው ያለበት። በዚያው ቀን ኒዋርክ ያለበት የኢንተርናሽናል ሊግ የቡድን ባለቤቶች ከእንግዲህ ጥቁር አናስፈርምም ብለው ወሰኑ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ጋሼ፦ ልጄ፣ ራስሽ እንዳልሽው የወሰኑት ባለቤቶቹ ናቸው፤ 6 ለ 4። አንሰን እዚያ ድምፅ አልነበረውም። ሁሉንም እሱ ላይ ከጫንን ስድስቱን በነፃ ለቀቅናቸው ማለት ነው።

የዩ ስትሪቷ፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ልክ ነዎት። ግን የአገሩ ትልቁ ኮከብ እምቢ ሲል ባለቤቶቹ ገበያቸውን ነው የሚያዩት። ጉልበቱን አውቆ ነው የተጠቀመበት።

የጆርጂያ አቬኑው፦ እኔ እዚህ ዋሽንግተን ታክሲ ስነዳ ሃዋርድ ሆስፒታል በር ላይ ሰው የማላወርድበት ቀን የለም። ቦታው የድሮው ግሪፊዝ ስታዲየም ነው። የጥቁሮቹ ሊግ ኮከብ ጆሽ ጊብሰን ከቡድኑ ከሆምስቴድ ግሬይስ ጋር እዚያ ተጫውቷል። በ2024 የጥቁሮቹ ሊግ ቁጥር በሜጀር ሊግ (በትልቁ ሊግ) መዝገብ ሲካተት የምት አማካዩ 0.372 ሆኖ የቀድሞውን ባለ ሪከርድ ታይ ኮብን በለጠ። ሰውየው ግን የሞተው በጃንዋሪ 1947 በ35 ዓመቱ ነው። ለጥቁሮች የሜጀር ሊግን በር የከፈተው ጃኪ ሮቢንሰን ብሩክሊን የገባው በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ነው። ሦስት ወር! «ዘመኑ ነው» የምትሉ ይህን አስቡ።

የቺካጎው፦ ታዲያ አንሰን በ1939 ከገባበት የቤዝቦል ክብር አዳራሽ ይውጣ ነው የምትሉት?

የዩ ስትሪቷ፦ ይውጣ ያልኩት የቱ ጋ ነው? ምቱም ዋንጫውም የራሱ ነው፣ ማንም አይወስድበትም። ግን ስሙ በተነሳ ቁጥር ዎከርና ስቶቪም ይነሱ። አንተ ደግሞ ሞርተንን እስካሁን አልመለስክልኝም።

የቺካጎው፦ ሞርተን ትክክል ነበር። ይህን ክጄ አላውቅም። በሩን አንሰን ብቻውን ዘጋው የሚለውን ግን አልቀበልም።

የዩ ስትሪቷ፦ «ብቻውን» የሚለውን ያመጣኸው አንተ ነህ። እኔ ቶሌዶ ላይ ሊዘጋው ሞከረ ነው ያልኩት።