የሶሲዮሎጂ (የማኅበረሰብ ጥናት) መግቢያ ኮርስ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (በሁለት ዓመት ኮሌጅ) የወሰዳችሁ፣ እስቲ ንገሩኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነርሲንግ ለመግባት እየተዘጋጀሁ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር የሶሲዮሎጂ መግቢያ ልወስድ አስቤያለሁ። ማታ ማታ ስለምሠራ ኦንላይኑ ይመቸኛል። ንባቡ ይከብዳል? ክሬዲቱስ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ይቀበለዋል?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ውሰጂው! አዳዲስ ቃላት ይበዙበታል፤ ሐሳቡ ግን አይከብድም። የሶሲዮሎጂ መሥራቾች የሚባሉት ማርክስ፣ ዌበርና ዱርካይም ገና ከመጀመሪያው ይመጣሉ። እኔን የያዘኝ ዱርካይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ራሱን ማጥፋቱን እንኳ ከማኅበራዊ ትስስር ጋር አያይዞ አሳየ። ፍጹም የግል የሚመስል ነገር ማለት ነው! ከዚያ ወዲህ በሽተኛ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ሳይ «ቸልተኛ ነው» ማለት አቁሜአለሁ። የሥራው ሰዓት ስንት ነው? ቤት ውስጥ ማን አለው? መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው። ለነርስ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም የመግቢያ ኮርስ አላውቅም።

መልስ 2፦
ብዙ ጊዜ 3 ክሬዲት ነው። ክሬዲቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወሩን ግን በግምት አትተይው። ሳትመዘገቢ የምትሄጂበትን ዩኒቨርሲቲ አማካሪ በኢሜይል ጠይቂና መልሱን አስቀምጪው። ኦንላይን ከወሰድሽ ደግሞ የውይይት ጽሑፎቹን የማስረከቢያ ቀን ሲላበሱ (የኮርሱ ዕቅድ) ላይ ተከታተይ።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ! ለአማካሪው ዛሬውኑ እጽፋለሁ። መጽሐፉን መግዛት ግድ ነው?

መልስ 1፦
መምህሩን ጠይቂ። አንዳንዶቹ ኦፕንስታክስ የሚባለውን አሳታሚ መጽሐፍ ነው የሚጠቀሙት፤ እሱ ኦንላይን በነፃ ይነበባል።