የካቡና የአውድማው ቅርጽ፦ የጋራ ዕቅዳችን ውይይት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ ፒያሳ የተነጋገርነውን ይዤ ዕቅዱን መጻፍ ጀምሬያለሁ። የተስማማነው ይሄን ነው፤ ከገጠሩ መልክዓ ምድር የተነሣ አንድ የአብስትራክት (ረቂቅ) ቅርጽ፣ መሀል ከተማ፣ እግረኛ በሚበዛበት ቦታ። የቀረውን እስከ ዓርብ ጨምሩበት።

ቀራፂው፦
ማረሻና ቀንበር በሲሚንቶ ሠርተን እንዳናቆም አደራ። ሰው «ማረሻ ነው» ብሎ ያልፋል፣ በቃ። ኮንሶ የሄዳችሁ እርከኑን አይታችኋል። ገበሬው ድንጋዩን ያለ ሲሚንቶ አንዱን ባንዱ እያስደገፈ ይክባል። ካቡ የተራራውን ወገብ ተከትሎ ይታጠፋል። አፈር እንዳይሸረሸር የተሠራ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ግን መስመር ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ያቺን መታጠፊያ ነው የምፈልጋት።

እንግሊዛዊቷ ቀራፂ ባርባራ ሄፕዎርዝም ልጅ ሆና፣ ከመሐንዲስ አባቷ ጋር በመኪና የዮርክሸርን ኮረብታዎች ስትዞር ያየችው ነው ኋላ በሥራዋ የወጣው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ድንጋዩን መሀል ለመሀል መብሳት ጀመረች። በቀዳዳው ከኋላ ያለው ሰማይ ይታያል። የኛም ካብ አንድ ቦታ ላይ ክፍት ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦
ጋሼ፣ ሐሳቡ ልቤ ገብቷል። ድንጋዩስ? የአምቦ ድንጋይ አይሻልም?

ቀራፂው፦
ለመጥረብ እሱን የሚያህል የለም እህቴ። ግን ውሃ ይመጥጣል፣ የኛን ክረምት ደግሞ ታውቂዋለሽ። መሬት የሚነካው ጥቁር ድንጋይ ይሁን፣ አምቦው ከላይ ይምጣ።

አዲስ አባል፦
እኔ የምፈራው ሕዝቡ ምን ይላል የሚለውን ነው። ገንዘቡ ለዚህ ወጣ ወይ እንዳይባል።

ጸሐፊ፦
ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለውን፣ ሞሪስ ካልካ የሚባል ቀራፂ የሠራውን አንበሳ እየው ወንድሜ። ጠርብ ጠርብ ብሎ የቆመ ድንጋይ ነው፣ ጠጉር በጠጉር አልተሠራም። አንበሳ መሆኑን ግን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ጢያም ብትሄድ ከ36ቱ ትክል ድንጋዮች 32ቱ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ረቂቅ ቅርጽ ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፦
አንድ ነገር ልጨምር። አያቴ ቤት እህል ከመወቃቱ በፊት አውድማው በእበት ይለቀለቃል። ሲደርቅ እንደ ምጣድ ልስልስ ይላል። በባዶ እግራችን እንሮጥበት ነበር። ካቡ እንዲህ ያለ ክብ ሜዳ ይቀፍ። ሰው ገብቶ ይቁምበት፣ ይቀመጥበት። አጥር የሚባል ነገር አልፈልግም። ማየት የተሳናቸውም መታጠፊያውን በእጃቸው ይከተሉት።

ቀራፂው፦
ይሄ ከኔ ይበልጣል። እኔ ስለ ካቡ ብቻ ነበር የማስበው።

አዲስ አባል፦
አጥር ከሌለ ልጆች ይወጡበታል፣ ድንጋይም ይነቅላሉ።

ቀራፂው፦
ልክ ነህ። ከፍታው ከወገብ አይለፍ። ከታች ትልልቁ ድንጋይ ያለ ማያያዣ ይካብ፣ የላይኛው ረድፍ ብቻ በኖራ ይያዝ። ካቡን ግን እኛ አንሠራውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲክቡ የኖሩ ሰዎች ይምጡ፤ ሙሉ ክፍያ ይከፈላቸው፤ ስማቸውም ከኛ ስም ጎን ይጻፍ።

ጸሐፊ፦
ተስማምተናል። የካቢዎቹን ክፍያ በጀቱ ላይ የመጀመሪያው መስመር አድርጌዋለሁ። ቦታውን በተመለከተ አራት ኪሎና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢን ቅዳሜ ጠዋት በእግር እንያቸው። ጋሼ፣ ሜትር ይዘው ይምጡ።