የወይራ ዘር አልበቅል አለን፤ ሙከራውንስ እንዴት እናዋቅረው?

መምህርት ከአዘዞ
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የተፈጥሮ ክበባችን ልጆች ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የወይራ ፍሬ ለቀሙ፣ እንደ ግራር ዘር የፈላ ውሃ አፈሰሱበትና በችግኝ ፕላስቲክ ዘሩት። ሳምንታት አለፉ፤ አንድም ብቅ ያለ የለም። ልጆቹ «ዘሩ ሞቷል» ብለው ተስፋ ቆርጠዋል። እኔ ግን በዚህ እንዲተዉት አልፈልግም። በከተማችን ዙሪያ ዐይን ያረፈበት ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው፤ ትልልቁ አገር በቀል ዛፍ የቀረው በአድባራቱ ቅጥር ውስጥ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ወይራን ምን ብናደርገው ይበቅላል? ልጆቹ ደግሞ የተለያዩ ዘዴዎችን አወዳድረው ለሳይንስ ዐውደ ርእይ ማቅረብ ይፈልጋሉ፤ ውጤቱ የሚታመን እንዲሆን ሙከራውን እንዴት እናዋቅረው? ላቦራቶሪ የለንም። አሸዋ፣ አፈርና የሚያጠጣ ሰው ግን አለን።

አንገረብ
መምህርት፣ እኔ ችግኝ ጣቢያ ነው የምሠራው። የፈላ ውሃ ለግራር እንጂ ለወይራ አይሆንም። የግራር ዘር ልባሱ ውሃ አያስገባም፤ ሙቀቱ ሲከፍተው ውሃ ይገባና ዘሩ ይነቃል። የወይራ ነገር ሌላ ነው። ከፍሬው ሥጋ ሥር ጠንካራ ቅርፊት አለ፤ እውነተኛው ዘር ያለው ከዚያ ውስጥ ነው። ቅርፊቱ ውሃ ያሳልፋል፤ ሽሉ ግን ገፍቶ መውጣት ያቅተዋል። የፈላ ውሃ ቅርፊቱን አይሰብረውም፤ ይባስ ብሎ ውስጡን ሊቀቅለው ይችላል።

ስለዚህ መስበር ነው። ጠቁሮ የበሰለውን ፍሬ ብቻ ይልቀሙ። ሥጋውን ከአሸዋ ጋር እያሹ አጥበው ያስወግዱና ጥላ ላይ ያድርቁት። ከዚያ አንዱን ፍሬ በፒንሳ ጎኑን ይዘው ቀስ እያሉ ይጫኑ። «ቀጭ» ሲል እዚያው ላይ እጅዎን ያቁሙ፤ ትንሽ ካለፈ ነጩ ዘር ይጨፈለቃል። መጀመሪያ ላይ ጥቂት መበላሸቱ አይቀርም፣ ልጆቹ ወዲያው ይለምዱታል። ቅርፊቱን በጥፍር ፈልቅቀው ዘሩን ካወጡ በኋላ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያሳድሩት። አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቀብረው በሣር ይሸፍኑት፣ ከላይም ጥላ ይሥሩለት። ውሃው በስሱ ይሁን። የተፈለቀቀ ዘር ልብስ የለውም፤ ውሃ ከተኛበት ቶሎ ይሻግታል።

ቀሐ
በእኛ አካባቢ አባቶች ከዛፉ ሥር ወፍ በልቶ የጣለውን ይለቅሙ ነበር፤ እሱ ይሻላል ይላሉ። ይህን ሁሉ ፒንሳ ምን አመጣው?

የማራኪ ልጅ
ቀሐ፣ አባቶች ያሉት መሠረት አለው። ወፍ የበላው ፍሬ ሥጋው ተጠርጎ ይወርዳል፤ ሥጋ የቀረበት ፍሬ ደግሞ ሻጋታ ይወደዋል። የማጠቡን ሥራ ወፉ ሠራላችሁ ማለት ነው። ጠንካራው ቅርፊት ግን እንዳለ ስለሆነ መጠበቁ አይቀርም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ለገሰ ነጋሽ አገር በቀል ዛፎችን በማባዛት ላይ ብዙ ዓመት ሠርተዋል፤ በወይራ ላይም ያሳዩት ቅርፊቱን የማስወገድን ጥቅም ነው።

መምህርት፣ ተማሪዎችዎ «ሞቷል» ያሉትን ገምተው ሳይሆን አይተው ይወስኑ። ከተዘራው ላይ ጥቂት ያውጡና ሰብረው በምላጭ ለሁለት ይሰንጥቁት፤ ምላጩን ግን እርስዎ ይያዙ። ውስጡ ነጭና ጠንከር ያለ ከሆነ በሕይወት አለ ብሎ ተስፋ ማድረግ ይቻላል። ቡናማ ሆኖ ከላሸቀ አልቆለታል። ባዶ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም ዘር አልያዘም። ሦስቱ የተለያየ ምክንያት አላቸው፤ «አልበቀለም» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ግን ተደባልቀው ይቀራሉ።

ቁጥር ወዳጅ
ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ የእኔ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ የልጆቹን አባባል በሎጂክ እንየው። «የሞተ ዘር አይበቅልም» እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ያልበቀለ ሁሉ የሞተ ነው» ማለት ግን አይከተልም። ቁጥሩም ይህንኑ ይላል፦ 25 ዘር ተዘርቶ አንድም ባይበቅል እንኳ፣ በ95 በመቶ የመተማመን ደረጃ ማለት የሚቻለው የዘሩ የመብቀል ዐቅም ከ11 በመቶ ገደማ አይበልጥም ብቻ ነው። ዜሮ ነው ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ አወቃቀሩ። እስካሁን ያልተነካ ፍሬ ጎን ለጎን ስላልተዘራ፣ የፈላ ውሃው ጎዳ ወይስ ምንም አላደረገም የሚለውን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ አራት ዓይነት ያድርጉት፦ ታጥቦ ብቻ የተዘራ፣ ታጥቦ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት፣ ታጥቦ አንድ ሌሊት የተነከረ፣ ተፈልቅቆ አንድ ሌሊት የተነከረ። የመጀመሪያው ማነጻጸሪያ ነው፤ እሱ ከሌለ ሌሎቹ ምንም አይነግሯችሁም። ሦስተኛው ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ የተፈለቀቀው ቢበቅል በመፈልቀቁ ነው ወይስ በመነከሩ የሚለውን የሚለይልን እሱ ነው።

ከየዓይነቱ 100 ዘር፣ በአራት ምድብ 25፣ 25 ይሁን። ከ25 ዘር 40 በመቶው ቢበቅል፣ በዕድል ብቻ ወደ 20 የመቶኛ ነጥብ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዋዥቅ ይችላል፤ በ100 ዘር ግን ውዥቀቱ ወደ 10 ነጥብ ይወርዳል። የብዙ ዛፍ ፍሬ ቀላቅሉ፤ አለዚያ የምትለኩት ዘዴውን ሳይሆን የአንዲቱን ዛፍ ጠባይ ነው።

የየምድቡ ቦታ ደግሞ በዕጣ ይሁን። ልጆቹ የተፈለቀቀውን ስለሚጓጉለት ጥላው ጥሩ የሆነበት ጥግ ማስቀመጣቸው አይቀርም። መደቡን በአራት ረድፍ ከፍለው፣ በየረድፉ አራቱም ዓይነት አንድ አንድ ጊዜ እንዲገኝ አድርገው፣ በረድፉ ውስጥ ያለውን ተራ ዕጣ ያውጡበት። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በሮታምስትድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ ያዳበረው ዘዴ ነው፤ ዛሬ ከሕክምና እስከ እርሻ ያሉ ሙከራዎች ይሠሩበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀትና ቆብ ብቻ ነው።

መምህርት ከአዘዞ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የማነጻጸሪያው ነገር አሁን በደንብ ገባኝ። ግን 400 ፍሬ ለማግኘት እንቸገራለን፤ ካህናቱ የፈቀዱልን ከመሬት የወደቀውን ብቻ ነው። ከአራቱ የቱን ልቀንስ? ቢበቅልልንስ የት እንትከለው? ትምህርት ቤቱ አጠገብ የተራቆተ ተዳፋት አለ፤ ፍየል ግን ይገባበታል።

ቁጥር ወዳጅ
የፈላ ውሃውን ይተዉት፤ መልሱን አንገረብ ነግሮናል። ሦስቱን ይያዙ። ፍሬው አሁንም ካነሰ በየምድቡ ያለውን ቁጥር ይቀንሱ እንጂ ምድቦቹ አራት ሆነው ይቆዩ።

የማራኪ ልጅ
ስለ ፍየሉ፦ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከብት የሚገባበት ቦታ ላይ የዛፍ ችግኝ የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን አሳይተዋል። በአድባራቱ ዙሪያ የድንጋይ አጥር የማጠሩ ሥራም ከዚሁ ጥናት ጋር የተያያዘ ነው። እናም አጥሩ ይቅደም፣ ችግኙ ይከተል።

ተዳፋቱ ላይ ደደሆ ወይም ሌላ ቁጥቋጦ ካለ ደግሞ እንዳትመነጥሩት። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ ትግራይ ውስጥ የተሠራ ጥናት የወይራ ችግኝን ቁጥቋጦ ሥር መትከል እንደሚጠቅም አሳይቷል። ጥላው በበጋ ከፀሐይ ይከልለዋል፣ ቅርንጫፉም ከከብት አፍ ይጋርደዋል። ብዙ ጊዜ የተከላ ዘመቻ ሲባል መጀመሪያ የሚደረገው ቁጥቋጦውን መጨፍጨፍ ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አንገረብ
አንድ ልጨምር። ወይራ ዝግተኛ ነው፤ ትንሽ ሳለ ተዳፋት ላይ አይጣሉት። ሥሩ ፕላስቲኩን ሞልቶ ግንዱ ጠንከር እስኪል በችግኝ ጣቢያ ይቆይ፤ ለመጪው ሐምሌ ካልደረሰም የሚቀጥለውን ይጠብቅ። ሊተከል ሲቃረብ ጥላውን ቀስ በቀስ ያንሱለት፣ ውሃውንም ያሳንሱ፤ ፀሐይ ይለምዳል።

መምህርት ከአዘዞ
ለየምድቡ የምንሰቅለው ምልክትስ? በማርከር የጻፍነው ሁሉ እየጠፋ ነው።

አንገረብ
ቢጫ ጀሪካን ቀዳችሁ ጻፉበት፤ ግን በእርሳስ ይሁን። ማርከርን ፀሐይ ይበላዋል፣ እርሳስ ግን ይቆያል። ልጆቹም የበቀለውን በየሳምንቱ በአንድ ቀን ይቁጠሩ፤ በቅሎ የሞተውንም ይመዝግቡት።