ርግቤ ሚስቱን ትቶ እጄን ይዞራል!

ሰላም የድሬ ልጆች። ሰፈሬ ከዚራ ነው። ላባ ሳያወጣ ከጎጆው የወደቀ ርግብ በስሪንጅ እየቀለብኩ አሳደግኩ። አሁን ጎርምሷል፤ ሴት ገዛሁለት። ዞር ብሎም አያያት! እጄን ሲያይ ግን አንገቱን ነፍቶ፣ ጅራቱን መሬት ላይ እየጎተተ፣ እያጉረመረመ ይሽከረከራል። ባለቤቴማ «ጣውንት መጣብኝ» እያለች ትስቃለች። ታሞ ይሆን?

የሳቢያኑ፦
ምንም አልሆነም ወንድሜ፣ እየጠበሰህ ነው! ብዙ ወፎች የወደፊት ተጣማሪያቸውን መልክ የሚይዙት በጫጩትነታቸው ካሳደጋቸው ነው። ያንተው ደግሞ ያየው እጅ ብቻ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1973 ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ኮንራድ ሎሬንዝ ይህን በሰፊው አጥንቷል። ዝይዎቹ እናታችን ብለው እሱን ይከተሉት ነበር።

እናት መጋላ፦
ወፍ ብቻ አይደለም እኮ። በቅሎ የሚያረቡ ሰዎች ወንዱን አህያ ከትንሽነቱ ከፈረሶች ጋር የሚያሳድጉት ለምን ይመስልሃል? ከአህዮች ጋር ካደገ ባዝራዋን ላይፈልጋት ይችላል።

የሳቢያኑ፦
ለማንኛውም ጀርባውን ማሻሸት አቁም፤ ለሱ እሺታ ነው። ሴቷን በሽቦ ለይተህ አጠገቡ አስቀምጣት። አንዳንዱ ይለምዳል፣ አንዳንዱ ግን በቃ ያንተው ሆኖ ይቀራል።

ጠያቂው፦
ጀርባውንማ ስዳስሰው ነው የከረምኩት። ሽቦ ልገዛ ወጣሁ።