ጋዝ ማከፋፈያ ድርጅት በሰልጣኝ መሐንዲስነት ልጀምር ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ የሚያከፋፍል ድርጅት ተቀበለኝ። መጀመሪያ ስድስት ወር ከጥገና ቡድን ጋር መስክ ትወጣለህ አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኛል፤ እኔ የፈለግኩት ዲዛይን ነበር።

መልስ፦ ቅር አይበልህ ወንድሜ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የፕላስቲክ ቧንቧ በኤሌክትሪክ ሙቀት ስናጣብቅ ፎርማኑ «ጫፉን ፋቅከው?» አለኝ። «ጠርጌዋለሁ» አልኩት። ለካ መጥረግና መፋቅ ለየቅል ነው! በአየርና በፀሐይ የተጎዳው ስስ ሽፋን ካልተነሳ መገጣጠሚያው ከላይ ያማረ ይመስላል እንጂ አይያያዝም። አስቆርጦ እንደገና አሠራኝ። ዛሬ ዲዛይን ስሠራ፣ ሠራተኛው ለመፋቅ እጁን የሚያዞርበት ቦታ መተዌን አያለሁ።

ሌላ መልስ፦ የፈሰሰ ጋዝ የሚለካውን መሣሪያ ንባብ ቀድመህ ልመድ። ሚቴን፣ ማለትም የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል፣ የሚቀጣጠለው አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ነው። መሣሪያው ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የዝቅተኛውን ወሰን፣ ማለትም የ5 በመቶውን፣ መቶኛ ነው፤ 20 ካለህ 1 በመቶ ጋዝ አለ ማለት ነው። እኔ አደባልቄ ጽፌ ሪፖርቴ ተመልሶልኛል። አፍንጫህንም አትመን፤ የሚጨመርበት ሽታ አፈር ውስጥ ሲያልፍ ሊደክም ይችላል።

ጠያቂው፦ ተባረኩ። የደህንነት ጫማ ራሴ ልግዛ?

መልስ፦ ይሰጡሃል። ብቻ መስክ ሳትወጣ ቤት ውስጥ አለማምደው፤ ተረከዝህን ይልጠዋል።