በሳንኪ ዲያግራም ላይ ተመላሽ ሙቀትን እንዴት ላሳይ?

ሰላም። የአንድ ቦይለር ሙቀት ወዴት እንደሚሄድ በሳንኪ ዲያግራም (የፍሰትን መጠን በመስመር ስፋት በሚያሳይ ሥዕል) እየሳልኩ ተመላሹ ፍሰት ላይ ተጣብቄያለሁ።

ቁጥሮቹ በኪሎዋት ሰዓት ናቸው። ከነዳጅ 1000 ይገባል፤ አየር ማሞቂያው ከጭሱ የሚመልሰው 150 ሲጨመር ቦይለሩ የሚቀበለው 1150 ይሆናል። ከዚህ 850 በእንፋሎት፣ 50 በግድግዳው፣ 250 በጭስ ይወጣል። ከጭሱ 150 ተመልሶ 100 ይባክናል። ሂሳቡ ይዘጋል፦ 850፣ 50 እና 100 ሲደመሩ 1000 ናቸው።

ዲያግራሙን የምስልበት የኮድ ላይብረሪ ዲ-ስሪ ሳንኪ (d3-sankey) ግን ዙር ያለበትን ፍሰት አይቀበልም፤ ስህተት ሰጥቶ ያቆማል። 150ውን በግራ በኩል እንደ ሁለተኛ ምንጭ ሳስገባው ይሳላል፤ ነገር ግን ግብዓቱ 1150 ስለሚመስል የ85 በመቶው ብቃት ወደ 74 ገደማ የወረደ ተደርጎ ይነበባል። ተመላሹን ጨርሶ ብተወው ደግሞ የአየር ማሞቂያው ጥቅም ይሰወራል፤ ዋናው ነጥብ እሱ ነው! (በነገራችን ላይ ዲ-ስሪ ሳንኪ የሳጥኑን ቁመት የሚወስነው ከገቢና ከወጪ ድምር በሚበልጠው ነው፤ ሚዛኑ ቢዛባም አያስጠነቅቅም። ድምሩን በየሳጥኑ በእጅ አረጋግጫለሁ።)

የ150ው መስመር ስፋቱን እንደጠበቀ ከሥር ዞሮ ወደ ቦይለሩ እንዲገባ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? ወይስ በሁለተኛ ምንጭነት ትቼው ቀለሙን ብለይ ይበቃል?